አንድ ታማሚ ብቻ የሚገባበት አዳራሽ

ባለቤቶቹ ያልተገኙበት ድግስ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሕሙማን ብሔራዊ ማኅበር ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ያከበረው እንደዚያ ነው። ሐኪሞች ተጠርተዋል፤ ወላጆች ተጠርተዋል፤ የጤና ሚኒስቴር ሰዎች የፊት ወንበር ተይዞላቸዋል፤ መድኃኒት አስመጪዎቹም ከረባታቸውን አሳምረው መጥተዋል። ማኅበሩ የቆመላቸው ሕሙማን ግን በየቤታቸው ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ተቀምጠዋል። በደንቡ መሠረት አንድ አዳራሽ ውስጥ ከአንድ በላይ ታማሚ መግባት አይችልም።

ያቺ አንዷ ጨዌ ነበረች።

መጠሪያ ስሟ ሌላ ነው። ሕፃን ሳለች እናቷ ግንባሯን በሳመቻት ቁጥር ከንፈሯን ጨው ጨው ይላት ስለነበር «የኔ ጨዌ» አለቻት፤ በዚያው ቀረ። ላብን እንዲህ ጨዋማ ማድረግ የበሽታው አንዱ ምልክት ነው። ሌላው ሥራው ግን ለቁልምጫ አይመችም። ሳንባን እንደ ሙጫ በወፈረ አክታ ይሞላዋል። በሽታው ራሱ ከእናትና ከአባት በዘር የሚወረስ እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ አይደለም፤ በዚያ አክታ ውስጥ የሚራቡት ጀርሞች ግን ጤነኛውን ሰው ዝንቡን እሽ ሳይሉ ከአንዱ ታማሚ ወደ ሌላው ይሻገሩና ሳንባ ያወድማሉ። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች በዓለም ላይ አጥብቀው መፍራት ያለባቸው የገዛ ቢጤያቸውን ነው። ደንቡን አርቅቃ ያጸደቀችው ደግሞ ራሷ ጨዌ ናት።

አሁን የማኅበሩ ጸሐፊ ሆናለች። ቀጭን ናት፤ ስትስቅ ሳሏ ይቀድማታል፤ ሲከፋት እጇ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ ጠርዝ ለጠርዝ ማስተካከል ትጀምራለች። በዚያ ቀን ጠዋት የማኅበሩን ታሪክ የሚያወሳውን ንግግሯን ስታስተካክል፣ ስትበትን፣ መልሳ ስታስተካክል ያየ ሰው ልቧ በቦታው እንዳልነበረ ለመገመት አይቸግረውም ነበር።

እናቷ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ መድረኩ ላይ ሆና ትእዛዝ ትሰጣለች። ፋርማሲስት ናት። ስትገባ ሰው ሳያስበው የኮቱን ቁልፍ የሚቆልፍላት ዓይነት ሴት አለች አይደል? እሷ ናት። «አበባውን ወደዚያ! ስልኩን ከማይክሮፎኑ አጠገብ! መስመሩ ይሠራል?» ትላለች። የስልኩ መስመር ከሁሉም ሕሙማን ቤት ጋር ተገናኝቷል፤ ድምፁም በማጉያ ይወጣል። እነሱ አዳራሹን ይሰማሉ፤ አዳራሹም እነሱን ይሰማል። ገና ከማለዳው ከየቤቱ የሚመጣው ሳል፣ የልጅ ለቅሶ፣ የሳህን ኳኳታ አዳራሹን ሞልቶታል።

ጨዌ ቀና ስትል አናጢው ሲገባ አየችው።

---

ሰው ከቀረ በኋላ አረማመዱ አይረሳም። አናጢው ሁልጊዜ በቀኝ ትከሻው ጣውላ የተሸከመ ይመስል ትንሽ ዘመም ብሎ ነው የሚራመደው። ጥቁር ኮት ለብሷል፤ ፀጉሩ ገና ውኃ ይዟል። የመጨረሻው ረድፍ ጥግ ሄዶ ተቀመጠ። በጨዌና በእሱ መካከል ያ ሁሉ ወንበር እያለ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሱ ቀድሞ አቀረቀረ። እሷ ወረቀቶቿን ማስተካከል ጀመረች።

በልጅነታቸው ከሩቅ ከመተያየት በቀር በቅጡ የተዋወቁት በሥራ ነው። ለሕሙማን ልጆች አንድ ወገናቸው ዝቅ ያለ አልጋዎች ለማሠራት ወርክሾፑ ሄዳ በሩን ገፋ ስታደርግ ከውስጥ «እዚያው ቁሚ! እንዳትገቢ!» የሚል ጩኸት ተቀበላት። እንዲህ ያለ ባለጌ አናጢ ገጥሟት አያውቅም። ሰውየው መላጊያውን ጥሎ በጓሮ በር ሮጠ፤ ካፖርቱን አውልቆ፣ ፊቱንና ፀጉሩን ታጥቦ፣ ውኃ እየተንጠባጠበ በፊት ለፊት ብቅ አለና «ሰጋቱራው ለሳንባሽ ጥሩ አይደለም። አሁን ሰላም ልበልሽ፤ ሰላም ነሽ?» አላት። እኔን ለመጨበጥ ብሎ የታጠበ ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው ብላ ለጓደኛዋ በስልክ አወራች።

ጓደኛዋም ሌላ ሰው አይደለችም፤ የአናጢው ታናሽ እህት ናት። እሷም ታማሚ ናት። ስትተነፍስ ደረቷ ስለሚያፏጭ «ፉጨት» የሚለውን ስም ለራሷ ያወጣችው እሷው ነች። «ሰው ከሚቀድመኝ ልቅደመው» ትላለች። ጨዌና ፉጨት ከልጅነት ጀምሮ የእህት ያህል ናቸው፤ ደንቡ ከወጣ ወዲህ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ገብተው አያውቁም። በየቀኑ ይደዋወላሉ።

ፍቅራቸው እንዲያ በመታጠብ ጀምሮ በመታጠብ ቀጠለ። አናጢው ማታ ማታ ከሥራ ሲወጣ ሰጋቱራውን አራግፎ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ልብስ ለውጦ የማኅበሩ ቢሮ ደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቃታል። ሊቀመንበሯ በመስኮት እያየች «ይህ ልጅ ቤት የለውም እንዴ?» ትል ነበር። አንድ ምሽት እዚያው ወንበር ላይ «አገባሻለሁ፤ እሺ ካልሽ» አላት። እሺ ለማለት ስትሞክር ሳሏ ያዛት። እስኪለቃት ጠበቀና «ይህን እሺ ብዬ ልውሰደው?» ሲላት በሳቅና በሳል መሃል አንገቷን ነቀነቀችለት።

በሳምንቱ ድምፁን አጠፋ። ቢሮ አልመጣም፤ ስልክም አላነሳም። ጨዌ ደብዳቤ ጽፋ ቀደደች፤ ሌላ ጽፋ እሱንም ቀደደች። ዝናቡ መጥቶ ሄደ። ከሁሉ የከፋው ነገር ከፉጨት ጋር በየቀኑ እያወሩ አንድም ቀን ስሙን አለማንሣታቸው ነው። ጨዌ «ወንድሟ እንደተወኝ ታውቃለች፤ አፍራ ነው» ትላለች በልቧ። ፉጨት ደግሞ «ወንድሜን ያባረረችው እሷ ናት፤ ምክንያት ይኖራታል» ብላ ይሉኝታ ይዟታል። ነገር የማያመልጣቸው ሁለት ሴቶች ስለ አየሩ ሲያወሩ ከረሙ፤ ያ የስልክ ወሬ ምን ያህል ብቸኝነት እንደነበረው ማናቸውም አልተነፈሱም።

---

ንግግሩ ሊጀመር ሲል ጨዌ ውኃ ልጠጣ ብላ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ውኃ አልጠማትም። አናጢውም በሌላው በር መውጣቱን አይታለች።

«ሰላምም አትለኝ?»

«ሰላም ነሽ?» አለና ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ጀርባው ግድግዳውን ነካ።

ያቺ መሸሽ ደረቷ ላይ አረፈች። «አይዞህ፣ አልጠመጠምብህም» አለችው።

«እንደሱ አይደለም።»

«እንዴት ነው ታዲያ? አንድ ሰው ‹አገባሻለሁ› ብሎ በሳምንቱ ሲጠፋ ምን ይባላል? ሳሌ አስጠልቶህ ከሆነ ፊት ለፊት ንገረኝ። ያስጠላው ሰው ሞልቷል፤ አንተ የመጀመሪያው አትሆንም።»

«ሳልሽ?» አለ፤ ሳያስበው ድምፁ ከፍ አለ። «ያንቺን ሳል ከመቶ ሰው ሳል መሃል ለይቼ አውቀዋለሁ! አሁን እዚያ ስቀመጥ አንዴ ሳልሽ፤ ልቤ ሊቆም ነበር። ናፍቆኝ ነው የከረምኩት።»

ሳሏ የሚናፍቅ ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። መሳቅ አማራት፤ ማልቀስም አማራት። «ታዲያ ለምን?»

«እህቴ ላይ ያ ክፉው ጀርም ተገኘ።» ቃሉን ከአፉ ለማውጣት ከበደው። «ጠዋት ጠዋት አክታው እንዲለቅላት ጀርባዋን የምመታላት እኔ ነኝ። ፊቴ ላይ ትስላለች፤ ልብሴ ላይ ትስላለች። ከእሷ ተነሥቼ አንቺ ጋ ልምጣ?»

ጨዌ ግድግዳውን ተደገፈች። ፉጨት! በየቀኑ እየሳቀች የምታወራት ፉጨት! «አልነገረችኝም።»

«እንድታዝኚ አትፈልግም።»

«አንተስ? ማነው አትምጣ ያለህ?»

ዓይኑ በተከፈተው በር አልፎ መድረኩ ላይ አረፈ። ሊቀመንበሯ ማይክሮፎኑን በጣቷ መታ መታ እያደረገች ነበር።

«እማዬ?»

«አትቆጪያቸው። የላብራቶሪው ውጤት ማኅበሩ ጋ ሲደርስ ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው። ወርክሾፕ ድረስ መጡ። ‹ወይ እህትህ ሌላ ሰው ጋ ትግባ፣ ወይ ልጄን ተዋት› አሉኝ። እያለቀሱ ነው ያሉኝ። እናታችን ከሞተች ወዲህ እህቴ ከእኔ ሌላ ማን አላት? የት ልጣላት?»

«ይህን ሁሉ ጊዜ... ለእኔ አትነግረኝም?»

«ብነግርሽ ትነግሪያታለሽ። በእሷ ምክንያት እንደተለያየን ካወቀች መድኃኒቷን አሽቀንጥራ ትተኛለች፤ ታውቂያታለሽ። እባክሽ፣ አሁንም ስልክ ላይ ሆና እየሰማች ነው። እንዳትነግሪያት።»

«ጨዌ!» የሚል ድምፅ ከአዳራሹ መጣ። «ሰው እየጠበቀ ነው!»

በልቧ የተጠላች ሆና ወደ ኮሪደሩ የወጣችው ጨዌ የተወደደች ሆና ተመለሰች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስታው ግን የፉጨትን ሕመም ይዞ ነበር የመጣው።

---

የንግግሩ የመጀመሪያ መስመር «ማኅበራችን በክብርት ሊቀመንበራችን ተመሠረተ» ይላል። ጨዌ አየችው፤ ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠች።

«ማኅበሩን የመሠረቱት ሁለት ሴቶች ናቸው» አለች።

የፊት ረድፍ ላይ ሊቀመንበሯ ቀና አለች።

«አንዷ እናቴ ናት። የበኩር ልጇን ቀብራ፣ እኔን ታቅፋ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጣለች። የመጀመሪያው ልጇ ምን እንደገደለው የነገራት ሰው የለም፤ አንዱ ‹የሳንባ ምች› አላት፣ አንዱ ‹አመጋገብ አታውቂም› አላት። ስስመው ጨው ጨው ይለኛል ስትል ‹ሐዘኑ ነው› ብለው ዝም አሰኟት። ያን ቀን የሆስፒታሉ አንሶላ አጣቢ የነበረች ሴት አጠገቧ ተቀመጠች፤ እሷም አራስ ልጅ ታቅፋለች። እናቴን ትንሽ አየቻትና ‹እህቴ፣ አንቺም ልጅሽን ስትስሚ ጨው ጨው ይልሻል?› አለቻት። እናቴ አለቀሰች። ማኅበራችን የተመሠረተው በዚያች ጥያቄ ነው። አጣቢዋ የጓደኛዬ የፉጨት እናት ነበረች፤ ዛሬ በሕይወት የለችም። ስሟ በየትኛውም መጽሔታችን ላይ የለም።»

ከማጉያው አንድ ሰው አፍንጫውን ሲያጸዳ ተሰማ። ፉጨት መሆኗን ጨዌ አወቀች።

«ሁለቱን እናቶች አስቀምጦ ውጭ አገር ያነበበውን በሽታ ስም የነገራቸው ወጣት ሐኪም ዛሬ ሽበት በሽበት ሆነው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።» ሐኪሙ ፈገግ አሉ። «‹ልጆቹን በጭንቅላታቸው ዘቅዝቃችሁ አስተኟቸው፤ መዳፋችሁን ጎድጎድ አድርጋችሁ ጀርባቸውን ምቱ፤ አክታው ይወጣል› አሏቸው። አልጋ ከየት ይምጣ? የአጣቢዋ ባል አናጢ ነበር። የቤቱን በር ነቅሎ በአንድ ወገን ብቻ እግር መታለት። የመጀመሪያዋ የማኅበራችን አልጋ እሷ ናት። ቤቱ ግን ያን ክረምት በመጋረጃ ከረመ።»

አዳራሹ ሳቀ። ጨዌ ቀጠለች። ሁለቱ ሴቶች ፋርማሲው ጓዳ ውስጥ ሌሎች እናቶችን ሰብስበው ትራስ እየመቱ ሲያለማምዱ አላፊ አግዳሚው «እዚህ ቤት ምን ዓይነት ጠብ ነው?» እያለ በሩን ያንኳኳ እንደነበር ተናገረች። ልጆቹ የበሉት እንዲፈጭላቸው የሚረዳው እንክብል ወደ አገር እንዲገባ ሚኒስቴር በር ላይ ቆመው የተመላለሱበትን፣ «ለጥቂት ልጆች ብለን?» ላላቸው ባለሥልጣን አጣቢዋ ልጇን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «እንግዲያው ይህችን እርስዎ ያሳድጓት» ብላ ልትወጣ እንደነበር አወራች። የሚኒስቴሩ ሰዎች ከሁሉም ሰው በላይ ሳቁ፤ ዘመኑ የእነሱ አልነበረማ።

«ከዚያ ካምፑ መጣ» አለች፤ ድምጿ ዝግ አለ። «በየዓመቱ ሐይቁ ዳር። እዚያ የማትስሉት እናንተ ነበራችሁ እንግዶቹ። ምግብ ፊት እንክብል ስንውጥ የሚያፈጥብን የለም። እኔና ፉጨት በአንድ አልጋ ተኛን፣ በአንድ ኩባያ ጠጣን፣ ማን አብዝቶ ይስላል ብለን ተወራረድን። ከተወለድኩ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ከካምፕ የተመለሱ ልጆች አንድ በአንድ መታመም ጀመሩ። ሐኪሞቹ ያጣሩትን ነገሩን። ጀርሙን ያቀባበልነው እኛው ነን። እየተቃቀፍን ነው የተገዳደልነው።»

ከየቤቱ የሚመጣው ሳል ሁሉ ታፈነ።

«ካምፑ ይዘጋ፣ ሁለት ታማሚ አንድ ክፍል አይግባ የሚለውን ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ድምፅ የሰጠነው ሜዳ ላይ ተራርቀን ቆመን ነው። ወላጆች እያለቀሱ ‹ያለቻቸውን አንዲት ደስታ አትንጠቂያቸው› አሉኝ። በመጀመሪያ እጇን ያነሣችልኝ ፉጨት ናት። ከዚያ በሩቁ እጇን አወዛወዘችልኝና ሄደች። ዛሬ ብዙ ልጆቻችን ያሉት በዚያ ደንብ ነው፤ አልጸጸትም። ግን ስጽፈው...»

እዚህ ላይ ቆመች። ዓይኗ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር። አናጢው በቀስታ ራሱን ነቀነቀ፤ እባክሽ አትናገሪ ማለቱ ነው።

«ግን ስጽፈው...» ብላ ደገመችው። ወረቀት ፈለገች፤ እጇ ላይ የሚስተካከል ወረቀት አልነበረም።

«ጨዌ» አለ ከማጉያው የሚያፏጭ ድምፅ። «ወንድሜ እዚያ ነው አይደል?»

ጨዌ ዓይኗን ከመጨረሻው ረድፍ መለሰች።

«እንዳለ አውቃለሁ፤ ኮቱን የተኮስኩለት እኔ ነኝ። ‹ለማኅበሩ ስል ነው የምሄደው› አለኝ። ለማኅበሩ ተብሎ ፂም ሁለት ጊዜ አይላጭም።» አንዳንድ ሰው ሳቀ። ፉጨት ግን አልሳቀችም። «ጨዌ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትዋሺኝ። እሱ አንቺ ጋ መምጣት የተወው የኔ ውጤት በመጣ ሰሞን ነው። አሁን ስታወሪ ነው የገባኝ። ምክንያቱ እኔ ነኝ?»

«ፉጨት...»

«በቃ፤ መለስሽልኝ።» አለች ፉጨት። «ወይኔ ወንድሜ! እኔ እኮ አንቺ ያባረርሽው መስሎኝ አዝኜብሽ ነበር።»

«እኔም እሱ የተወኝ መስሎኝ...»

«መስመሩን ዝጉት!» ሊቀመንበሯ ብድግ አለች። «ይህ የማኅበሩ በዓል ነው! የቤት ጉዳይ...»

«እትዬ፣ አይዝጉብኝ!» አለች ፉጨት። «እናቴ ብትኖር መጥታ ጉልበትዎ ላይ ወድቃ ትለምንዎት ነበር። እኔ መምጣት አልችልም፤ ቢያንስ በስልክ ልለምንዎት።»

ሊቀመንበሯ ቆማ ቀረች። ጨዌ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ዶክተር፣ በማኅበሩ ፊት ይንገሩኝ። ታጥቦ፣ ልብሱን ለውጦ የመጣ ጤነኛ ሰው ጀርሙን ያመጣብኛል?»

ሐኪሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ከተጠነቀቀ አደጋው ትንሽ ነው። ምንም የለም ብዬ ግን አልዋሽሽም።»

«ትንሽ!» አለች እናቷ። ያቺ ስትገባ የኮት ቁልፍ የሚቆለፍላት ሴት ድምጿ ተሰበረ። «ትንሽ የሚባለውን ነገር ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ልጄን ‹ትንሽ ጉንፋን ነው› ብለውኝ ነው የቀበርኩት! ክፉ ሴት በሉኝ። ፉጨትን እንደ ልጄ ነው የምወዳት፤ እናቷ እህቴ ነበረች፤ ግን ፈራሁ። በየቀኑ እፈራለሁ። ጨዌ ስትተኛ ትንፋሿን የምሰማው እኔ ነኝ!»

ጨዌ ከመድረኩ ወርዳ እናቷ ፊት ቆመች። እንዲህ ፈርታ አይታት አታውቅም ነበርና የያዘችው ቁጣ ሁሉ ጠፋባት።

«እማዬ» አለቻት በቀስታ፤ ማይክሮፎኑ ግን ድምጿን ይይዛል። «የቀረኝ ዕድሜም ትንሽ ሊሆን ይችላል። እሱንም ከፍርሃት ጋር ብቻዬን እንዳሳልፈው ትፈልጊያለሽ?»

እናቷ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ እንደሆንኩ ወንድሜን ለማንም አሳልፌ አልሰጥም» አለች ፉጨት፤ አልቅሳ የጨረሰች ሰው ድምፅ ነበር። «እካፈለዋለሁ ግን። ጠዋት የኔ ነው፤ ጀርባዬን ይመታልኛል፣ እሰድበዋለሁ፣ ይሰድበኛል። ከዚያ ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ ማታ የጨዌ ነው። ድሮስ ሰጋቱራውን ታጥቦ አልነበር የሚሄደው? ይህንንም ይታጠበው። መድኃኒቴንም አልተውም፤ ወንድሜ የሚፈራው ያን ነው፤ አውቃለሁ። እውጣለሁ፤ በየቀኑ እውጣለሁ። እትዬ፣ ቅር ካለዎት ደንብ አድርገው ይጻፉት፤ እጄን እኔ ቀድሜ አነሣለሁ።»

ከማጉያው ሌላ ድምፅ መጣ፤ ጨዌ በስልክ ብቻ የምታውቀው የአንድ ወጣት ታማሚ ድምፅ ነው። «እኔም አንሥቻለሁ» አለ። «እኔም» አለች አንዲት ሴት እየሳለች። «እኔም።» «የኛም ቤት።» የማይታዩ እጆች ከየቤቱ ተነሡ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ወላጆች እርስ በርስ ተያዩ፤ ብዙዎቹ መሐረብ እየፈለጉ ነበር።

ጨዌ ወደ ኋላ ለመዞር አልደፈረችም። አናጢው ተነሥቶ ወጥቶ ቢሆንስ? የወንበር መጎተት ድምፅ ብቻ ሰማች።

«ምን ሆነ?» አለች ፉጨት። «ኧረ ተናገሩ! እኔ አላይም እኮ! አንድ ሰው ይንገረኝ!»

የሚናገር ጠፋ። ጨዌ አትችልም። ሐኪሙ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። በመጨረሻ ሊቀመንበሯ ወደ መድረኩ ወጣች። ሰው ሁሉ መስመሩን ልትዘጋው ነው ብሎ አሰበ። እሷ ግን የስልኩን እጀታ አንሥታ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ተነሥቷል» አለች።

«ወንድሜ?»

«አዎ። እየመጣ ነው።»

«ቶሎ ቶሎ ነው ወይስ ቀስ እያለ?»

«ቀስ እያለ ነው። እኔን እያየ።» አንዴ አረፈች። «ሰው መንገድ እየለቀቀለት ነው።»

«ጨዌስ?»

«ጀርባዋን ሰጥታው ቆማለች። ታለቅሳለች።»

«አሁንስ? ደረሰ?»

«ደርሷል። ከኋላዋ ቆሟል። ዞረች...» ሊቀመንበሯ እጀታውን አጥብቃ ያዘች። «ዝም ብለው ይተያያሉ።»

«እንዴ! እጇን አይዝም?»

«እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቷል። አያወጣም።»

ሁሉም ለምን እንደማያወጣ ያውቅ ነበር፤ ጠዋት የእህቱን ጀርባ የመታበት እጅ ነው። ፉጨትም ከማንም በላይ ታውቅ ነበርና ከዚያ ወዲያ የደረቷ ፉጨት ብቻ ተሰማ።

እናትየው አናጢውን አየችው። ያች አንሶላ አጣቢ ጓደኛዋ ስትስቅ የሚኖራትን ዓይነት ፊት ነበረው፤ እስከ ዛሬ አላስተዋለችውም። ልጇን አየች፤ ያን ሁሉ ዓመት ትንፋሿን ስትቆጥርላት የኖረችውን ልጇን። የእናትየው ፊት ላይ ፍርሃቱ እንዳለ ነበር፤ አልሄደም፤ ምናልባትም አይሄድም።

«እጅህን አውጣ፣ ልጄ» አለችው።

«እትዬ?» አለች ፉጨት በሹክሹክታ። «ያዛት?»

«አይ» አለች እናትየው፤ እንባዋ እጀታው ላይ ይወርዳል። «እሷ ናት የያዘችው።»